ጓንግዡና የእንግዳ ሰፈሯ

በደቡብ ቻይና፣ የዕንቍ ወንዝ ወደ ባሕር ሊገባ ሲቃረብ በብዙ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ በሚፈስበት ለጥ ያለ ምድር ላይ የተቈረቈረችው፣ ፈረንጆች ለብዙ ዘመን ካንቶን እያሉ የጠሯት የጓንግዡ ከተማ፣ በ2020 በተደረገው ቈጠራ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የተገኘባት፣ 600 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ በመካከሏ የቆመባት፣ ጎዳናዋ በሌሊትም ከመብራት ብዛት የተነሣ ጨለማ የማያውቅ ታላቅ ከተማ ናት። ባልንጀራ ሳይኖረኝ ብቻዬን ስዞርባት በሰነበትሁ ጊዜ አድናቆትና ቅሬታ እየተፈራረቁ አደሩብኝ፤ ታሪኳን ከሥሩ ስመረምር ግን የሁለቱም ምንጭ አንድ ሆኖ አገኘሁት፤ ይኸውም ከተማይቱ ከጥንት ጀምሮ የባሕር ማዶን ሸቀጥ እጇን ዘርግታ ስትቀበል፣ ሸቀጡን ያመጣውን ሰው ግን ወሰን በተበጀለት ሰፈር ማኖር ልማዷ መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዓመት፣ ወርና ቀን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

የሸቀጡ ጥንታዊነት ከመሬት በታች ተቀብሮ ኖሮ በ1983 ተገለጠ። በዚያ ዓመት በከተማይቱ ውስጥ ባለ አንድ ጉብታ ላይ የመኖሪያ ቤት መሠረት ሲቈፈር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ናንዩዌ የሚባለውን የደቡብ መንግሥት ይገዛ የነበረ ንጉሥ መካነ መቃብር ሌባ ሳይደርስበት ተገኘ። ንጉሡ ጄድ ከሚባለው የከበረ ድንጋይ ተፈልጦ በሐር ክር የተሰፋ ልብስ እንደ ለበሰ ተጋድሟል፤ ዙሪያውን ከከበቡት ዕቃዎች መካከል ግን የፋርስ ሠራተኞች እጅ ያረፈበት የብር ሙዳይ፣ ሊቃውንት መርምረው የአፍሪካ ዝሆን ነው ያሉት አምስት የዝሆን ጥርስ፣ በትንሽ ሣጥን የተቀመጠ ዕጣንም ነበረበት። ዛፉ በቻይና ምድር የማይበቅል ስለ ሆነ ዕጣኑ ባሕር ከመሻገር በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። አክሱም ገና ገንዘብ ሳትቀርጽ፣ የአፍሪካ ጥርስ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስከዚህ ድረስ መድረሱን ሳስብ፣ በመካነ መቃብሩ ላይ በተሠራው ቤተ መዘክር ውስጥ ከወርቁና ከጄዱ ይልቅ በዚያ ጥርስ ፊት ብዙ ቆምሁ። ጥርሱን ያመጡት ሰዎች ስማቸውም መልካቸውም አልተጻፈም።

ሰዎቹ በመጽሐፍ መታየት የሚጀምሩት ከ618 እስከ 907 በነበረው በታንግ ነገሥታት ዘመን ነው። በዚያ ጊዜ ዐረቦችና ፋርሶች በመርከብ እየመጡ በከተማይቱ አጠገብ ሰፈር ይዘው ይኖሩ ነበር፤ በ851 የተጻፈ አንድ የዐረብ ትረካ እንደሚለውም፣ የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ከእነርሱ መካከል አንዱን ዳኛ አድርጎ ሾሞላቸው በገዛ ሕጋቸው ይፈርድላቸው ነበር። እስከ ዛሬ የቆመው የኋይሼንግ መስጊድ ሚናራው 36 ሜትር ሲሆን፣ ወንዙ ዛሬ ካለበት ይልቅ ቅርብ በነበረበት ዘመን እሳት እየተለኰሰበት ለመርከበኞች ምልክት ይሆን ነበር ይባላል። የቻይና ሙስሊሞች ትውፊት መስጊዱን ለነቢዩ መሐመድ ባልንጀራ ለሰዓድ ኢብን አቢ ወቃስ ሲሰጠው፣ እርሱም ወደ ቻይና የተሻገረው በስደት ከነበረበት ከሐበሻ ምድር ተነሥቶ ነው የሚል ቃል ይጨምርበታል። የታሪክ ሊቃውንት ይህን እንደ እውነተኛ ታሪክ አይቀበሉትም፤ እኔም አልከራከራቸውም፤ ነገር ግን የአገራችን ስም በዚያ ሩቅ ወደብ ትውፊት ውስጥ መኖሩ ራሱ መታወቅ የሚገባው ነገር ነው።

የእንግዳው ሰፈር ለዳኝነት እንደ ተመቸ ሁሉ ለጥፋትም ተመቸ። በ879 ኋንግ ቻው የሚባለው ሽፍታ ሠራዊቱን ይዞ ከተማይቱን በያዘ ጊዜ፣ በዚያ ይኖሩ የነበሩትን ሙስሊሞች፣ ክርስቲያኖች፣ አይሁድና የፋርስ እሳት አምላኪዎች አረዳቸው። አቡ ዘይድ የሚባለው፣ የፋርስ ወደብ የሆነችው የሲራፍ ጸሐፊ፣ የሞቱትን 120,000 ያደርሳቸዋል፤ ቍጥሩ የተጋነነ ቢሆንም የሐዘኑን መጠን ይናገራል።

ከዚህ ወዲህ ያሉትን ብዙ መቶ ዓመታት አልፌ፣ ልማዱ በጽሑፍ ሕግ ወደ ጸናበት ዘመን ልምጣ። በ1757 ንጉሠ ነገሥቱ ቺያንሎንግ የምዕራብ ነጋዴዎች በካንቶን ብቻ እንጂ በሌላ ወደብ እንዳይነግዱ ዐዋጅ አስነገረ። ከዚያ በኋላ 85 ዓመት ሙሉ፣ አውሮፓ የጠጣችው የቻይና ሻይና የለበሰችው ሐር በአብዛኛው የወጣው፣ ከከተማይቱ ቅጥር ውጭ 300 ሜትር ገደማ በሚሆን የወንዝ ዳር ላይ ተደርድረው ከቆሙት 13 የንግድ ቤቶች ደጃፍ ነበር። ፈረንጁ በእነዚህ ቤቶች የሚቀመጠው ንግዱ በሚካሄድበት ወራት ብቻ ሲሆን፣ ወራቱ ሲያልፍ በወንዙ አፍ አጠገብ ወዳለችው ወደ ማካው ወደብ መውረድ ግዴታው ነበር፤ ሚስቱን ማምጣት፣ የጦር መሣሪያ ይዞ መግባት፣ ወደ ቅጥሩ ውስጥ መዝለቅ ተከልክሎበታል፤ የሚሸጠውንም የሚገዛውንም መንግሥት ፈቃድ በሰጣቸው የቻይና ነጋዴዎች ማኅበር በኩል ካልሆነ ለማንም ማቅረብ አይችልም። ከማኅበርተኞቹ ዋነኛው፣ ፈረንጆች ሃውኳ ይሉት የነበረው ዉ ቢንግጂያን፣ በዘመኑ ከዓለም ባለጸጎች አንዱ ሆኖ ሞተ፤ ዘበኛ የቆመበት በር ለበረኛው ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከዚህ ይታወቃል። ሕጉም ለማስፈራሪያ ብቻ የተጻፈ አልነበረም፤ ጄምስ ፍሊንት የሚባል እንግሊዛዊ በ1759 ደንቡን ጥሶ አቤቱታውን ወደ ሰሜን ይዞ በመሄዱ እርሱ ሦስት ዓመት ታሰረ፣ አቤቱታውን በቻይና ቋንቋ በመጻፍ የረዳው ቻይናዊ ግን በሞት ተቀጣ። የእንግዳው ጥፋት በአገሬው አንገት ላይ መውደቁን ባነበብሁ ጊዜ፣ ሥርዓቱን አስቀድሞ በብልኅነቱ ሳደንቀው የነበረው ልቤ ቀዘቀዘ።

ይሁን እንጂ በሩን የሰበረው እጅ ከዘበኛው እጅ የጸዳ አልነበረም። እንግሊዞች ለሻዩ የሚከፍሉትን ብር ለማዳን ከሕንድ ኦፒየም የሚባለውን አደንዛዥ ዕፅ እያመጡ በስውር ስላራገፉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የላከው ሹም ሊን ዜሹ በ1839 ከ20,000 ሣጥን በላይ ወርሶ፣ በወንዙ አፍ ባለችው በሁመን በጨውና በኖራ አሟሙቶ ወደ ባሕር ለቀቀው፤ ይህንም ከማድረጉ በፊት፣ ባሕሩ ስለሚረክስ ለባሕሩ መንፈስ መሥዋዕት አቅርቦ ይቅርታ ጠየቀ። እንግሊዞች ይህን ምክንያት አድርገው ጦርነት አነሡ፤ በ1842 የተፈረመው የናንጂንግ ውልም የካንቶንን ብቸኛ ወደብነት ሻረው። 13ቱ ቤቶች በ1856 ተቃጠሉ፤ ከ1861 ጀምሮ እንግሊዝና ፈረንሣይ ሻሚያን የምትባለውን የወንዝ ደሴት ይዘው፣ ትናንት በእነርሱ ላይ የነበረውን አጥር ገልብጠው በባለአገሩ ላይ አጠሩት፤ ድልድዩ በሌሊት ይዘጋ ነበር፤ በ1924 ደግሞ ቻይናውያን ያለ ፈቃድ ወረቀት እንዳይገቡ ሲታዘዝ ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ 23 ቀን ከቦዩ ማዶ በሰልፍ ያልፉ በነበሩ ቻይናውያን ላይ ከደሴቲቱ ተተኵሶ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ዛሬ ሻሚያን የዋርካ ጥላ ያረፈባት፣ ሙሽሮች ፎቶግራፍ የሚነሡባት የጸጥታ ስፍራ ናት፤ ውበቷን አልክድም፤ የደሙን ታሪክ ሳያውቅ የሚያልፍባት ሰው ግን ብዙ ነው።

የኮሙኒስቱ መንግሥት ከቆመ በኋላም፣ አሜሪካና ወዳጆቿ ንግድ በከለከሉት ጊዜ፣ የውጭ ገንዘብ መግቢያ ቀዳዳ እንድትሆን የተመረጠች ይህችው ጓንግዡ ናት፤ በ1957 የተጀመረው የካንቶን የንግድ ትርዒት ዛሬም በየዓመቱ በጸደይና በመጸው ይከፈታል። አዲሱ የከተማይቱ ክፍል የእርሻ መንደሮች በነበሩበት ምድር ላይ የተሠራ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ የሊዬዴ መንደር በ2007 ፈርሶ፣ ባላገሮቹ ወደ ፎቅ ቤት ሲመለሱ የአባቶቻቸው መታሰቢያ አዳራሾች በፎቆቹ ሥር እንደ ገና ታነጹላቸው። የምድር ውስጡን ባቡር ንጽሕናና ሰዓት አክባሪነት፣ ሴት ልጅ በእኩለ ሌሊት ብቻዋን ሳትፈራ መሄዷን፣ ሽማግሌዎች በማለዳ በሻይ ቤት ተሰብስበው በእንፋሎት የበሰለውን ምግብ እየቈነጠሩ ሲጨዋወቱ መዋላቸውን አይቼ አመሰገንሁ። ነገር ግን ሽሮ ሻጭ የምታህል ምስኪን ነጋዴ እንኳ ዋጋዋን በስልክ ካልሆነ አልቀበልም ስትል፣ አንድ ማረፊያ ቤትም ክፍል እያለው የውጭ አገር ሰው አናሳድርም ብሎ ከነሻንጣዬ ሲመልሰኝ፣ የጥንቱ ዘበኛ ልብሱን ለወጠ እንጂ ከበሩ እንዳልተነሣ ገባኝ።

ከኋይሼንግ መስጊድ ብዙም የማይርቀው የሺያዎቤይ ሰፈር፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የአፍሪካ ነጋዴዎች የሚያርፉበት ሆኗል፤ የአገራችን ነጋዴዎችም በአየር መንገዳችን እየሄዱ ልብስ፣ ጫማና የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸምቱበታል። በሚያዝያ 2020 ግን፣ የወረርሽኙ ፍርሃት በነገሠበት ሰሞን፣ ብዙ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤትና ከሆቴል ተባረው ጎዳና ላይ አደሩ፤ በቤጂንግ ያሉት የአፍሪካ አምባሳደሮችም ለቻይና መንግሥት የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ይህም እንዳይረሳ መጻፍ አለበት፤ ለዐረቦቹ የሲራፉ ጸሐፊ ነበረላቸው፤ እንግሊዞቹ ሰነዳቸውን በመዝገብ ሞልተው ተዉት፤ ያንን ጥርስ ያሻገሩት ሰዎች ግን ጸሐፊ ስላልነበራቸው ስማቸው ጠፋ። እናንተ በየዓመቱ ወደ ጓንግዡ የምትመላለሱ ነጋዴዎች ሆይ፣ ያያችሁትን፣ የከፈላችሁትን፣ የተቀበላችሁንና የከለከላችሁን ሁሉ ከሒሳብ ደብተራችሁ ጎን በአማርኛ ጻፉልን።