ፈረስ የሌለው ፈረሰኛ፦ የአንድ ቃኚ ሻለቃ የቬትናም ውሎ



በቬትናም ጦርነት ታሪክ ሄሊኮፕተር ሲነሣ በአብዛኛው የሚታሰበን ወታደር ጭኖ የሚያወርደው ነው። ዛሬ የምናየው ግን ጠላትን ፈልጎ የማግኘት ኃላፊነት የነበረበትን፣ የአሜሪካ 1ኛ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ቃኚ የነበረውን የ9ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃ ነው። ሬጅመንቱ በ1866 በጥቁር ወታደሮች የተቋቋመ ሲሆን፣ ሻለቃው ከክፍለ ጦሩ ጋር በ1965 አን ኬ ሰፈረ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አን ኬ ላይ የመጀመሪያው ጠላት አቧራ ነበር። ቡልዶዘር ሣሩን ከነሥሩ ስለሚነቅለው፣ ማረፊያው በገጀራና በመጥረቢያ ተመነጠረ፤ ወታደሮቹም ቦታውን «የጎልፍ ሜዳ» አሉት።

የሻለቃው ሥራ በቀለም ይጠራ ነበር፦ ቃኚዎቹ «ነጭ»፣ ባለ መትረየስና ባለ ሮኬት ሄሊኮፕተሮቹ «ቀይ»፣ እግረኛው መቶ «ሰማያዊ»። ነጩና ቀዩ ሲጣመሩ «ሮዝ» ይባላሉ። በጦርነቱ ኋለኛ ዓመታት ትንሿ ቃኚ ሄሊኮፕተር የዛፍ ጫፍ እየታከከች ስትበር፣ ኮብራው ከላይ ይዞራል። ቃኚው የእግር ዱካ፣ የማብሰያ ጭስ፣ የደፈረሰ ጅረት ይፈልጋል፤ ያየውን በሬዲዮ ሲናገር የኮብራው ተኳሽ ካርታ ላይ ይመዘግባል። ፍለጋው ብዙ ጊዜ የሚያበቃው ቃኚው ሲተኮስበት ነው። በግልጽ እንነጋገር ከተባለ፣ ማጥመጃ ነበር። ሄሊኮፕተር ሲወድቅ ሠራተኞቹን ለማውጣት የሚወርዱት ሰማያዊዎቹ ናቸው።

ዘዴው ውጤት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ኖቬምበር 1 ቀን 1965 ቃኚዎች በፕሌ ሜ አካባቢ የጠላት ወታደሮችን አይተው፣ የወረደው እግረኛ የመስክ ሆስፒታል ማረከ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በኢያ ድራንግ ሸለቆ ትልቁ ውጊያ ተከፈተ።

ለታሪክ ተመራማሪ የሚከብደው ሌላው ጉዳይ ነው። ሄሊኮፕተር በራሱ ላይ ሲያንዣብብ ገበሬም ይሮጣል፣ ተዋጊም ይሮጣል። ከላይ ሆኖ በቅጽበት መለየት የነበረበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነው። የውጊያ ውጤት የሚለካው በተገደለ ሰው ቁጥር ስለ ነበር፣ ሟቹ ለምን እንደ ሮጠ በዕለቱ ሪፖርት የሚታይበት ዕድል ጠባብ ነበር። የእነዚህን ክፍሎች መዝገብ የምታነቡ ተማሪዎች፣ ከቁጥሩ አጠገብ የጦር መሣሪያ መማረኩ መጠቀስ አለመጠቀሱን ደጋግማችሁ ተመልከቱ።