ከአጥንት ጋር የታረቀው ብረት

ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ሲፈጽም በአፉ የቀረችው የራሱ ጥርስ አንዲት ብቻ ነበረች። የእንጨት ጥርስ ነበረው የሚባለው ተረት ነው። ሰው ሠራሽ ጥርሶቹ ከጉማሬ ጥርስ፣ ከእርሳስ፣ ከሰው ጥርስም ጭምር የተሠሩ ነበሩ። የሰው ጥርስ ከየት ይመጣል ለሚል፣ የርስቱ የሒሳብ መዝገብ በ1784 ለ9 ጥርስ «ለጥቁሮች» 6 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ መከፈሉን ይናገራል። በ1815 ከዋተርሎ ጦርነት በኋላም የሟች ወታደሮች ጥርስ እየተነቀለ ተሸጠ፤ «የዋተርሎ ጥርስ» የሚል ስም እስኪወጣለት ድረስ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጥርሱ ድድ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልተተከለም። ሲበሉበት ይንሸራተታል፤ ድድ ያቆስላል። ጥርስ ያጣ የመንጋጋ አጥንትም ሥራ ስለሚፈታ ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ ይሄዳል፤ አምና ልክ የነበረው ጥርስ ዘንድሮ ይላላል።

አጥንት ውስጥ ለመትከል የሞከሩ አልጠፉም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፕላቲነም ቅይጥ፣ በ1930ዎቹ የኮባልት ቅይጥ ተሞከረ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰውነት የገባበትን ባዕድ ነገር በለስላሳ ሥጋ ጠቅልሎ ከአጥንቱ ይለየዋል። ብረቱ ይነቃነቃል፣ ቦታው ይመግላል፣ በመጨረሻ ይወጣል። ይህን ያዩ ሐኪሞች ድድን አልፎ አጥንት የሚገባ ነገር አይበረክትም ብለው ደመደሙ። ድምዳሜው ከበሽተኞቻቸው ስቃይ የመጣ እንጂ የግትርነት አልነበረም።

በ1952 ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሲመራመር ስለ ጥርስ አያስብም ነበር። የሚያጠናው በጥንቸል አጥንት መቅኔ ውስጥ ደም እንዴት እንደሚዘዋወር ነው። ለዚህ እንዲመቸው ከቲታኒየም የተሠራ ትንሽ መመልከቻ አጥንቱ ውስጥ አስገባ። ጥናቱ ሲያልቅ፣ ዕቃው ውድ ነውና፣ ነቅሎ ደግሞ ሊጠቀምበት ፈለገ። አልነቀል አለ። አጥንቱ ብረቱ ላይ አድጎ ይዞታል። ቲታኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ሰውነት ያንን ሽፋን እንደ ባዕድ አይገፋውም።

ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ለገበያ ይሮጥ ነበር። ብሮነማርክ ግን ከአሥር ዓመት በላይ በእንስሳት ላይ ሲሞክር፣ ፈቃደኛ ተማሪዎች ክንድ ላይም መመልከቻውን እየተከለ ሲከታተል ቆየ። የመጀመሪያውን ታካሚ ያከመው በ1965 ጎተንበርግ ውስጥ ነው። ሰውየው መንጋጋው ከልደቱ ጀምሮ እክል ያለበት፣ የታች ጥርሶቹን ያጣ ነበር። አራት የቲታኒየም ብሎኖች ተተከሉለት።

ከዚያ በኋላ ፈተናው ከባልደረቦቹ መጣ። በ1969 ሥራውን ባቀረበበት ስብሰባ ላይ አንድ አንጋፋ ምሁር ተነስተው፣ ሪደርስ ዳይጀስት ላይ የሚወጣን ሰው አላምንም አሉ። የእኚህ ሰው ስም ደግሞ በስዊድን የሚታወቀው የአንድ ስቴኪኒ ዓይነት በማስተዋወቃቸው ነበር። ብሮነማርክም እኔ ደግሞ በስቴኪኒ ማሸጊያ ጀርባ ላይ ራሱን የሚያስተዋውቅ ሰው አላምንም ብሎ መለሰ። መልሱ አፍ ያስይዛል፤ ክርክሩን ግን አልቋጨም። የቋጨው መዝገቡ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የስዊድን ጤና ባለሥልጣን ከኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ገለልተኛ ፕሮፌሰሮችን መድቦ ታካሚዎቹን አስመረመረ፤ ምስክርነታቸው ለብሮነማርክ ሆነ። በ1977 የአሥር ዓመት ውጤቱ ታተመ። ብሎኑን ለማምረት በ1978 የተስማማው ቦፎርስ መሆኑ ይገርማል፤ መድፍ በመሥራት የታወቀው ኩባንያ ማለት ነው። በ1982 በቶሮንቶ በተደረገው ጉባኤ የሰሜን አሜሪካ ሐኪሞች ማስረጃውን አይተው ተቀበሉት።

ብረቱን ብቻ ለሚያይ ሰው የብሮነማርክ ሥራ ግማሹ ያመልጠዋል። ሌላው ግማሽ ትዕግሥት ነው። አጥንት ለአንድ ደቂቃ ያህል 47 ዲግሪ ሙቀት ከደረሰበት ይጎዳል፤ ስለዚህ በቀስታ፣ ፈሳሽ እየቀዘቀዘበት ይበሳል። ብሎኑ ከገባ በኋላ ድዱ ተሰፍቶ ይዘጋና ለታችኛው መንጋጋ ከ3 እስከ 4 ወር፣ ለላይኛው እስከ 6 ወር ሳይታኘክበት ይቆያል። ጥርሱ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ማስታወቂያው «ጥርስ በአንድ ቀን» ይላል። አጥንቱ ጠንካራ ለሆነና በጥንቃቄ ለተመረጠ ታካሚ ይህ ይቻላል። ማስታወቂያው ግን ለሁሉም ነው የሚናገረው፤ ለሚያጨሰው፣ ስኳሩ ላልተስተካከለው፣ ድዱ ለታመመው ጭምር። የተተከለ ጥርስ አይቦረቡርም፤ ዙሪያው ካልተጸዳ ግን ድዱ ይቆጣል፣ አጥንቱም ይሸሻል። ያኔ አብሮ የሚሄደው በብዙ ገንዘብ የተገዛው ብሎን ነው።

በ1965 የታከመው ሰው በ2006 አረፈ። ከ40 ዓመት በላይ ያኘከባቸው አራቱም ብሎኖች ያኔም ከአጥንቱ ጋር ነበሩ።