የእጅ ሰዓት ዋጋና ጥቅሙ

በመምህራን ማረፊያ ክፍል የእጅ ሰዓት ነገር ሲነሣ አንዳችን «ርካሽ ዕቃ ዕድሜ የለውም» ስንል፣ ሌላችን «ሰዓቱን በትክክል ከነገረን ምን ጎደለው?» ብለን እንመልሳለን። ክርክሩ ተራ ቢመስልም የዋጋንና የጥራትን ዝምድና የሚመለከት የኢንዱስትሪ ታሪክ ስላለው፣ ወደ ኋላ መለስ ብለን ብንመለከተው ይጠቅመናል።

በሞላ የሚሠራ ሰዓት ትክክለኛነቱ በባለሙያው እጅ ጥንቃቄ ላይ የተመሠረተ ነው። በመሆኑም ለብዙ ዘመን ውድ ሰዓት ማለት በአብዛኛው ትክክለኛ ሰዓት ማለት ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1867 በስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ፍሬደሪክ ሮስኮፍ ለሠራተኛው ሕዝብ የታሰበ፣ ዋጋው 20 ፍራንክ የሆነ የኪስ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ሮስኮፍ የቀነሰው ጌጡንና የክፍሎቹን ብዛት እንጂ የሥራውን ጥንቃቄ አልነበረም። ርካሽነት ሁልጊዜ የጥራት ጉድለት አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። የጃፓኑ ሴይኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1969 አስትሮን የተባለውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ሸጠ። ዋጋው 450,000 የን፣ ማለትም የአንድ አነስተኛ መኪና ያህል ነበር። እንግዲህ ዛሬ በርካሽነቱ የምናውቀው ኳርትዝ ሲወለድ ውድ ነበር ማለት ነው። በባትሪ ኃይል የሚርገበገበው የኳርትዝ ቅንጣት በአብዛኞቹ የዛሬ ሰዓቶች ውስጥ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህ ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል 1 ስለሚሆን፣ ሰከንድን ለመቁጠር ያመቻል።

በስዊዘርላንድ የክሮኖሜትር ምስክር ወረቀት የሚያገኝ ባለሞላ ሰዓት በአማካይ በቀን እስከ 6 ሰከንድ ቢፈጥን ይፈቀድለታል። ይህ በ30 ቀን 3 ደቂቃ ይሆናል። ተራ የኳርትዝ ሰዓት ግን በወር ውስጥ ከግማሽ ደቂቃ የበለጠ እምብዛም አይሳሳትም። ከዚህ በኋላ ትክክለኛነትና ዋጋ ተለያዩ።

መለያየታቸው ግን ያለ መሥዋዕትነት አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ 90,000 ያህል ሠራተኞች የነበሩት የስዊዘርላንድ የሰዓት ኢንዱስትሪ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከዚህ ውስጥ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑትን አጣ። እጅግ የሚያሳዝነው ዕውቀቱ ያልጎደለ መሆኑ ነው፤ በዚያው አገር በኑሻቴል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1967 የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ናሙና ተሠርቶ ነበር። ኢንዱስትሪው እንዲያገግም ከረዱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው፣ 51 ክፍሎች ብቻ ያሉት ባለፕላስቲክ ርካሽ ሰዓት ስዋች ነው። ሆኖም የስዋች ውስጡ ተከፍቶ እንዲጠገን አልታሰበም፤ በደንብ የተያዘ ባለሞላ ሰዓት ግን እየተጠገነ ከአባት ለልጅ ሊተላለፍ ይችላል።

እንግዲህ ውድ ሰዓት የሚገዛ ሰው ዛሬ የሚከፍለው ለእጅ ሥራ፣ ለጥገና ዕድሜና ለክብር እንጂ ለሰከንዶቹ ትክክለኛነት አይደለም። ደወል በሰዓቱ እንዲደወል ብቻ ለምንፈልግ ለእኛ ርካሹ ይበቃናል። ተማሪዎቻችን የሰውን ክብር በክንዱ ላይ ባለው ሰዓት ሲመዝኑ ስናይ ይህን ታሪክ ብንነግራቸው፣ «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለት አልፈው «የተከፈለው ለምንድን ነው? ማንስ ከፈለው?» ብለው መጠየቅን ይማራሉ።