የራያ ቆላና የጥንት ፍልሰት በዲኤንኤ

ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። ሜዳውን በምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ያዋስኑታል፤ ከዞብል ማዶ አፋር ነው። በዚህ መተላለፊያ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ተናጋሪዎች ሲገበያዩና ሲጋቡ ኖረዋል። የሕዝቦች አመጣጥ በዜና መዋዕልና በአፈ ታሪክ ብቻ ይነገር ነበር፤ አሁን ግን ዲኤንኤም ይመሰክራል።

ችግሩ ሙቀት ነው። በሞቃት አፈር ዲኤንኤ ፈጥኖ ስለሚፈራርስ፣ ከቆላ የጥንት ሰው ጂኖም ማግኘት አዳጋች ነው። በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው ጥንታዊ ሙሉ ጂኖምም የተገኘው ከደጋ፣ ከጋሞው የሞታ ዋሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የወንድ አፅም 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሲሆን ባይራ ተብሏል። ናሙናው የተወሰደው የውስጥ ጆሮን ከሚሸፍነው ድፍን አጥንት ነው፤ ዲኤንኤ ከሌላው አጥንት ይልቅ እዚያ ይቆያል።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 በሳይንስ መጽሔት ወጣ። ከዛሬ ሕዝቦች ለባይራ ይበልጥ የሚቀርቡት የደቡብ ኢትዮጵያዎቹ አሪዎች ናቸው። በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ያለው የምዕራብ እስያ የዘር ሐረግ ግን በእሱ ላይ አልታየም፤ ስለዚህ ወደ ጋሞ ደጋ የደረሰው ከእሱ በኋላ ነው። ወደ ሰሜኑ ቀድሞ አልገባም ለማለት ግን የአንድ ሰው አፅም አይበቃም። ተመራማሪዎቹ ሐረጉ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ተዳርሷል ብለው ነበር፤ መረጃ ሲያገጣጥሙ አንድ የኮምፒዩተር ሂደት በመዝለላቸው በቀጣዩ ዓመት አረሙት። የምሥራቅ አፍሪካው ግኝት ጸንቷል።

የምዕራብ እስያው ሐረግ ከአገሬው ጋር መቼ እንደተደባለቀ የሚገመተው በሕያዋን ሰዎች ጂኖም ነው። ከሌላ ሕዝብ የተወረሱ ረዣዥም የዲኤንኤ ክፍሎች በየትውልዱ እየተቆራረጡ ስለሚያጥሩ፣ ርዝመታቸው ያለፈውን ትውልድ ብዛት ይጠቁማል። የዘረመል ተመራማሪው ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በዚህ ስሌት ድብልቁ ከ3,000 ዓመት በፊት ገደማ እንደሆነ ገመቱ። በሴማዊና በኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከ40 እስከ 50 በመቶው የዘር ሐረግ ከአፍሪካ ውጭ የመጣ ሲሆን፣ ከየመን ይልቅ ለሶርያና ለእስራኤል አካባቢ ይቀርባል። ዜናው ወዲያው የንግሥተ ሳባን ታሪክ አስነሣ። ስሌቱ ግን አማካይ ነው፤ ለዘመናት የቀጠለን ፍልሰት የአንድ ጊዜ ክስተት ሊያስመስለው ይችላል።

ለራያ የቅርቡ ታሪክም እኩል ይመዝናል። መነኩሴው አባ ባሕርይ፣ ራሱ የጋሞ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ ታሪኩን የጻፈለት የኦሮሞ መስፋፋት እዚህም ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ያለው ከሃያ የማይበልጥ ትውልድ በመሆኑ፣ የዚያ ዘመን ጋብቻ በጂኖም ውስጥ ከጥንቱ የረዘሙ ክፍሎች ይተዋል። ጂኖም ግን ቋንቋን አይነግርም፦ ዛሬ በቆቦ አማርኛ የሚናገር ቤተሰብ ኦሮምኛ ተናጋሪ አያቶች ሊኖሩት ይችላሉ።