ፊደል ቤት ሲለውጥ፤ ከስሜን ብራና እስከ ኮምፒዩተር

የአንድ ሕዝብ የጽሕፈት ታሪክ የፊደሉ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ፊደሉ ያደረበት ቁስና ፊደሉን የሚያሰፍረው መሣሪያ ታሪክም ጭምር ነው። ፊደል በድንጋይ ላይ ሲቀረጽ የሚይዘው መልክ ሌላ ነው፤ በብራና ላይ በብርዕ ሲጻፍ ሌላ፤ በእርሳስ ተቀርጾ ሲታተም ደግሞ ሌላ። የኢትዮጵያ ፊደል ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ቤቱን ደጋግሞ ለውጧል። በእያንዳንዱም ለውጥ ያተረፈው ነገር እንዳለ ሁሉ የተወው ነገር አለ። ከእነዚህ ለውጦች ሁሉ የመጨረሻው፣ ይኸውም ወደ ኮምፒዩተር የተደረገው ዝውውር፣ ከሌሎቹ ይልቅ ፈጣን ነበር፤ ከሌሎቹም ይልቅ ሥጋት ያዘለ ነበር። ምክንያቱም በድንጋይም ሆነ በብራና የተጻፈውን ሰው በዓይኑ ብቻ ሊያነበው ሲችል፣ በኮምፒዩተር የተጻፈው ግን ያለ መሣሪያውና ያለ ፕሮግራሙ ከቶ አይነበብም። መሣሪያው ሲያረጅ ጽሑፉም አብሮ ሊያረጅ ይችላል።

ይህን ለመረዳት የመጀመሪያውን ቤት ማየት ይበጃል። ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ይወርዳል። በዚሁ በስሜን ምድር፣ በጃን አሞራ፣ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ውቤን ድል ነሥተው፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ ስፍራ ነው። ደረስጌ በዚህ የታሪክ ድርጊት ብቻ ሳይሆን በሥዕሎቹና በብራና መጻሕፍቱም የታወቀ ነው።

የብራና መጽሐፍ አሠራር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ይቈረጣል። መሥመሩ ያለ ቀለም በሹል ብረት ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩ ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ይውላል። በዚህ ሥርዐት ውስጥ የቁም ጸሐፊው እጅ ሁሉንም ነበር፤ የፊደሉን ቅርጽ የሚወስነውም፣ ገጹን የሚያበጀውም፣ ስሕተቱን የሚፍቀውም እርሱ ነው። ዘዴው አዝጋሚ ቢሆንም አንድ ታላቅ በጎነት ነበረው፤ ፊደል የቈጠረ ሰው ሁሉ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈውን ብራና ገልጦ ሊያነብ ይችላል። በሌላ በኩል ግን የቅጂው ቊጥር ጥቂት በመሆኑ መጽሐፉ ከተወሰደ ወይም ከተቃጠለ የሚተካው አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው በመቅደላ ካከማቿቸው መጻሕፍት ከሦስት መቶ የሚበልጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተጉዘው ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ብራናው አልጠፋም፤ ነገር ግን ከአንባቢው ራቀ።

ፊደሉ ወደ ሁለተኛው ቤቱ የገባው በባዕድ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን፣ በሮማ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ይህም በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ከዚያም በ1548 እና በ1549 የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን በዚያው በሮማ አሳተሙ። ፊደሉን በእርሳስ የሚደረድሩት ሠራተኞች ቋንቋውን የማያነቡ ነበሩ፤ ቋንቋውን የሚያነቡት መነኮሳት ደግሞ የኅትመት ጥበብ አልነበራቸውም። ማሽኑን የሚያውቀው ፊደሉን አያውቅም፤ ፊደሉን የሚያውቀው ማሽኑ የለውም። ይህ ችግር ከዚያ ወዲህ ፊደሉ ቤት በለወጠ ቊጥር ሲመላለስ የኖረ ነው። ኅትመት በአገር ውስጥ ጸንቶ የቆመው በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ካቋቋሙ በኋላ ነበር።

ሦስተኛው ቤት የጽሕፈት መኪና ነው። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ረገድ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም በክብር ይነሣል። ለላቲን ፊደል የተሠራ የጽሕፈት መኪና ሊይዘው የሚችለው ምልክት ዘጠና ገደማ ነው። የአማርኛ ሆሄያት ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ «ኰ»ና «ቈ» እንዲሁም 20ዎቹ የግዕዝ አኃዞች ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። ስለዚህ ፊደሉን ቈራርጦ፣ ግንዱን በአንድ ቁልፍ፣ እግሩንና እጁን በሌላ ቁልፍ መቀጠል ግድ ሆነ። እንዲህ የተቀጣጠለው ፊደል ይነበባል፤ ውበቱ ግን ጐደለ። በፊደሉ ላይ የተነሣው የ«ይሻሻል» ክርክር እንዲበረታ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የመሣሪያ ጥበት ነበር። መሣሪያው ለፊደሉ እንዲበቃ ማድረግ ሲያቅት ፊደሉ ለመሣሪያው እንዲያንስ ይጠየቅ ጀመር።

ኮምፒዩተር ይህን ክርክር ከመሠረቱ ለወጠው። ለኮምፒዩተር ፊደል ማለት ቊጥር ነው፤ ቅርጹ በኋላ የሚሣል ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመቶች የነበረው የእንግሊዝኛ የቊጥር ሠንጠረዥ 128 ስፍራ ብቻ ነበረው፤ ሲሰፋም 256 ደረሰ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ይህን ጠባብ ቤት ለፊደላቸው ለማብቃት ተነሡ። በካሊፎርኒያ አቶ ፍሥሐ አጥላው ዳሽን ኢንጂነሪንግ የተባለውን ድርጅት አቋቁመው የኢትዮጵያን ፊደል በኮምፒዩተር ላይ አዋሉ። በኮሎራዶ ደግሞ ዶክተር ኣበራ ሞላ እ.ኤ.አ. በ1987 «ሞድኢት» የተባለውን ፕሮግራም አቀረቡ።

የድርጅቱ ስም ከስሜን ተራሮች መወሰዱ ያለ ትርጉም አይቀርም። ከባሕር ወለል በላይ ከ4500 ሜትር በላይ የሚወጣው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራ በአገሬው አንደበት ራስ ደጀን ይባላል። በዓለም ካርታ ላይ ግን በላቲን ፊደል የታወቀው ራስ ዳሽን ተብሎ ነው። ስሙ ፊደል ሲለውጥ ድምፁም ተለወጠ፤ የተለወጠውም ድምፅ ተመልሶ የአገሩ ስም ሆነ። የራስን ስም በራስ ፊደል መጻፍ አለመቻል የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሞቹ በረከቱ። «አጋፋሪ»፣ «ብራና»፣ «ፊደል»፣ «ቪዥዋል ግዕዝ»፣ «ፓወር ግዕዝ» እያሉ ብዙዎች በየጊዜው ወጡ። እያንዳንዳቸው ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል፤ ጋዜጣው፣ መጽሐፉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በእነርሱ ተጻፈ። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሉ የራሱን ቊጥር ሰጠ። የላቲን ፊደል ተቀምጦበት ከነበረው ስፍራ ላይ የአማርኛው ሥዕል ተተከለ፤ ስፍራው ሲጠብም ፊደሉ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት የፊደል ቅርጾች እንዲሰፍር የተደረገበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ በአንዱ ፕሮግራም «ደ» የሆነው ቊጥር በሌላው ፕሮግራም ሌላ ሆሄ ይሆናል፤ ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ የላቲን ምልክቶች ዝብርቅ ሆኖ ይታያል። ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ በዲስክ የተላከ ደብዳቤ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ የማይነበብ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነበር። ብዙዎችም ጽሑፉን በወረቀት አትመው መላክን መረጡ። አዲሱ መሣሪያ ወደ አሮጌው ተመለሰ ማለት ነው።

ይህን ችግር በሌላ መንገድ ለማለፍ የሞከሩም ነበሩ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አቶ ይትና ፍርድይወቅና አቶ ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን ሥርዐት አዘጋጁ። ይህም የአማርኛን ጽሑፍ በላቲን ፊደል በሕግ የሚጽፍ ነበር፤ ትንሹ «ቲ» ለ«ት»፣ ትልቁ «ቲ» ለ«ጥ» እየዋለ ጽሑፉ ሳይበላሽ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ይጓዝና በመጨረሻ ወደ ፊደሉ ይመለስ ነበር። ብልኀቱ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ድልድይ እንጂ ቤት አልነበረም።

ቤቱ የተገኘው በዩኒኮድ ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደሎች ሁሉ አንድ የጋራ የቊጥር መዝገብ እንዲኖር የተነሣ ዓለም አቀፍ ሥራ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ፊደል በዚህ መዝገብ እንዲገባ ከወተወቱት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አቶ ፍሥሐ አጥላው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትም 345 የኢትዮጵያ ምልክቶች ተመዘገቡ። በዚህ መዝገብ «ሀ» ቊጥሩ 4608 ነው፤ የደባርቅ «ደ» 4848፣ የዳባት «ዳ» 4851 ነው፤ በማንኛውም አገር፣ በማንኛውም መሣሪያ። ለእያንዳንዱ ሆሄ ቤተሰብ ስምንት ስፍራ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው ለዲቃላው። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ለሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ሆሄያት ተጨመሩ። በሮማ ከተጀመረው ጕዞ ወዲህ ፊደሉ ሳይቈረጥና ሳይታጠፍ ሙሉ ሆኖ የገባበት ቤት ይህ ነበር።

ይሁንና የቊጥር መዝገብ ብቻውን ጽሑፍ አያጽፍም። የፊደል ቅርጽ፣ የቁልፍ ሰሌዳና ጽሑፉን የሚያስተናግድ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የፊደል ቅርጽ አብሮ አስገባ። «አቢሲኒካ» እና «ኖቶ» የተባሉት ቅርጾችም ያለ ክፍያ ለሁሉም ክፍት ሆነው ቀረቡ። «ፓወር ግዕዝ»ና «ቪዥዋል ግዕዝ»ም የዩኒኮድ ዕትም አወጡ። ወደ አዲሱ ሥርዐት መሻገር የሚፈልግ ሰው አማራጭ አላጣም።

ችግሩ በኋላ የቀረው ጽሑፍ ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲለወጥ አሮጌው ፕሮግራም አይነሣም። ለቀድሞው ባለ 16 ቢት ሥርዐት የተሠሩ ፕሮግራሞች በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ከቶ አይሠሩም። ማይክሮሶፍት በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ሲያቋርጥ፣ በዚያ ላይ ተመሥርተው የቆዩ ቢሮዎች መሣሪያቸውን ለመለወጥ ተገደዱ። ፕሮግራሙ የሌለው ፋይል ደግሞ ቁልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ነው። መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነገር ግን የትኛው ፋይል በየትኛው ፕሮግራም እንደ ተጻፈ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ መለወጫው ራሱ አይጠቅምም።

ጉዳዩ የጽሕፈት ብቻ አይደለም። በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ይባል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የሕዝብና የጤና ክትትል ጥናት ማእከል አቋቋመ፤ ማእከሉም በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባል። እንዲህ ያለ መዝገብ ዋጋው ዘንድሮን ከአምና፣ አምናን ከሃያ ዓመት በፊት ጋር በማያያዙ ላይ ነው። በ1990ዎቹ የተወለደችው ሕፃን በ2010ዎቹ እናት ሆና ስትመዘገብ ያችው ሰው መሆኗ መታወቅ አለበት። ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር የሚቈጥር ፕሮግራም የጳጉሜንን ልደት የት ያደርገዋል? ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ጥ»ና «ት»፣ «ቀ»ና «ከ» ይደባለቃሉ፤ አንዲት «ጥሩወርቅ» በሁለት ጸሐፊዎች እጅ ሁለት ሰው ልትሆን ትችላለች። በገዛ ፊደል መመዝገብ የስሜት ጉዳይ ሳይሆን የማስረጃ ጥራት ጉዳይ መሆኑን ይህ ያሳያል።

የጋራው ቊጥርም ቢሆን ሁሉን አልፈታም። ለሰው ዓይን «ሠላም» እና «ሰላም» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ቊጥሮች ናቸው። «ስሜን» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ሰሜን» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። የጽሕፈት መኪና ያስነሣው የሞክሼ ሆሄያት ክርክር በኮምፒዩተር ዘመን ከጥበት ወደ ፍለጋ ተሸጋግሮ ቀጥሏል። ዛሬ መልሱ ሆሄያቱን መሰረዝ መሆን የለበትም፤ ማሽኑ ሞክሼዎቹን እንዲያውቅ ማስተማር ይቻላልና።

ከቀድሞው ትውልድ የሚቀሰም ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ዘጠኝ ሺሕ ያህል መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል። ሥራው የተጀመረው ብራናዎቹ ከጠፉ በኋላ ሳይሆን ሳይጠፉ ነው፤ እያንዳንዱም መጽሐፍ ከየት እንደ ተገኘ ተጽፎ ተመዝግቧል። በየወረዳው ቢሮ፣ በየማተሚያ ቤቱ፣ በየጽሕፈት ቤቱ በአሮጌ ኮምፒዩተሮችና ዲስኮች ውስጥ ለቀሩት የአማርኛ ጽሑፎች የሚያስፈልገውም ይኸው ነው፤ በምን ፕሮግራም እንደ ተጻፉ መመዝገብ፣ ወደ ጋራው ቊጥር መለወጥ፣ የተለወጠውንም ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜውን ነው። አሮጌዎቹን ፕሮግራሞች በእጃቸው የሠሩባቸው ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉና፣ እነርሱ ሳሉ መጠየቅ ይገባል።

የደረስጌ ብራና ቀለሙ እስከ ደመቀ ድረስ ዛሬም ይነበባል፤ ጸሐፊው ለአንባቢው ሌላ መሣሪያ አላስፈለገውም ነበር። በ1980ዎቹ በኮምፒዩተር የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ ግን ከዚያ ብራና ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ፊደሉ ቤት አግኝቷል። ቀሪው ተግባር በመንገድ የቀሩትን ጽሑፎች ወደዚያው ቤት ማስገባት ነው።