ሳያሸንፉ ማለፍ፦ የኤፍኤ ዋንጫ አጀማመርና የሃሮው ትርክት

ስለ እንግሊዙ ኤፍኤ ዋንጫ አመሠራረት የሚጽፉ አብዛኞቹ አንድ ትርክት ይከተላሉ። የእግር ኳስ ማኅበሩ ጸሐፊ ቻርለስ አልኮክ በተማረበት በሃሮው ትምህርት ቤት የማደሪያ ቤቶች ቡድኖች የተሸነፈ እየወጣ ይጋጠሙ ነበር፤ ጁላይ 20 ቀን 1871 እ.ኤ.አ. የዋንጫውን ሐሳብ ሲያቀርብም ይህንኑ ለአገር አቀፍ ውድድር አዋለው ይላሉ። ሐሳቡን አልኮክ ማቅረቡ አያከራክርም። የምቃወመው ጥሎ ማለፍ ከትምህርት ቤት ተገልብጦ፣ ገና ከመነሻው ሙሉ ሆኖ መጣ የሚለውን ድምዳሜ ነው። ይህን ድምዳሜ የሚያፈርሰው ማስረጃ የተሰወረ አይደለም፤ የፍጻሜው ውጤት ብቻ እየተቀዳ የሚታለፈው የ1871/72 የጨዋታ መዝገብ ነው።

ለውድድሩ የተመዘገቡት 15 ክለቦች ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር ክሪስታል ፓላስና ሂችን 0 ለ 0 ተለያዩ፤ ሁለቱም አለፉ። ደንቡ አቻ የወጡትን ዳግም የማጋጠም ወይም ሁለቱንም የማሳለፍ ሥልጣን ለኮሚቴው ሰጥቶ ነበርና። የግላስጎው ኩዊንስ ፓርክ ደግሞ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ከሁሉ ይልቅ የሻምፒዮኑ የዋንደረርስ ጉዞ ይመረመር። የመጀመሪያውን ዙር ሃሮው ቼከርስ ባለመቅረቡ በፎርፌ አለፈ፤ ክላፓም ሮቨርስን 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ከክሪስታል ፓላስ 0 ለ 0 ወጥቶ ከተጋጣሚው ጋር አብሮ አለፈ። በግማሽ ፍጻሜው ከኩዊንስ ፓርክ ጋር ዳግም 0 ለ 0 ተለያየ፤ ስኮትላንዳውያኑ ለድጋሚው ጨዋታ ለንደን የሚቆዩበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ራሳቸውን አገለሉ። ማርች 16 ቀን 1872 በኬኒንግተን ኦቫል ሮያል ኢንጂነርስን 1 ለ 0 የረታው ቡድን ከዚያ በፊት ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። የመንገድ ወጪና የኮሚቴ ውሳኔ ከሜዳ ውጤት እኩል የሚመዝኑበትን ውድድር የሃሮው ግልባጭ ማለት መዝገቡን አለማንበብ ነው።

በእርግጥ የአንድ ዓመት መዝገብ ሁሉን አይናገርም። የፍጻሜው ግብ አስቆጣሪ ሞርተን ቤትስ ከሃሮው ቼከርስ በተወሰደ የሐሰት ስም መሰለፉ፣ ዋንደረርስንም የሃሮው ልጆች መመሥረታቸው ይጠቀስ ይሆናል። ይህ የሰዎቹን ትውልድ እንጂ የውድድሩን አሠራር አያስረዳም። በ1873ማ ባለዋንጫው ዋንደረርስ ማጣሪያ ሳይጫወት በቀጥታ ለፍጻሜ ቀረበ፤ ሜዳውንም ራሱ መርጦ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲን 2 ለ 0 አሸነፈ። ይህ መብት ከዚያ ወዲያ አልተሠራበትም። በ1873/74 ዋንደረርስ እንደማንኛውም ክለብ ከመጀመሪያው ዙር ተነሣ፤ በሦስተኛው ዙር ከኦክስፎርድ ጋር 1 ለ 1 ሲለያይም ሁለቱ አብረው አላለፉም። ድጋሚው ጨዋታ ተደረገ፣ ዋንደረርስ 1 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ፣ ዋንጫውንም ኦክስፎርድ ወሰደ።