ልጅ ከውጭ አገር በጉዲፈቻ ለማምጣት፦ ጠበቃ ማማከር ያለብን መቼ ነው?

በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖች መካከል ወላጆቹን ያጣ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ አምጥተው ማሳደግ የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው። መርዶክዮስም አስቴርን ያሳደጋት ወላጆቿ ሞተውባት ነው። ይሁን እንጂ በልጁ አገር ፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻ ብቻውን የአሜሪካ ቪዛ አያስገኝም። ስለዚህ ጠበቃ የሚማከረው ውል ከመፈረሙ በፊት ነው። ከጠበቃው ጋር የሚከተሉትን ማየት ይገባል።

1. የልጁ አገር ሕግ፦ ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ) የውጭ አገር ዜጎች ልጆችን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ በሕግ ከልክላለች። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊም በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ነው። እዚያው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ማነጋገር ይኖርበታል።

2. የአሜሪካ ሕግ፦ አሜሪካ የሄግን የጉዲፈቻ ስምምነት ከሚያዝያ 1 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትሠራበታለች። ስምምነቱን ላልተቀበሉ አገሮች ልጆች ሌላ አካሄድ አለ። በሁለቱም አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። ሦስተኛው መንገድ ልጁን 16 ዓመት ሳይሞላው በጉዲፈቻ ተቀብሎ፣ በሕጋዊ ኃላፊነት ሁለት ዓመት አብሮት መኖርን ይጠይቃል። ሞግዚትነትና ጉዲፈቻም አንድ አይደሉም።

3. ዜግነት፦ እ.ኤ.አ. የካቲት 27 ቀን 2001 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑና መስፈርቱን ላሟሉ የጉዲፈቻ ልጆች ያለ ማመልከቻ ዜግነት ይሰጣል። ነገር ግን ጉዲፈቻው አሜሪካ ውስጥ እንዲጠናቀቅ በሚጠይቅ ቪዛ የገባ ልጅ፣ ወላጆቹ ጉዳዩን በጊዜው ካልጨረሱለት ዜግነቱን አያገኝም። በአሜሪካ ቤት ካደጉ የጉዲፈቻ ልጆች መካከል ዜግነት ስላልነበራቸው ከአገር የተባረሩ አሉ። ስለዚህ ቀደም ሲል ልጅ ያመጣችሁም የዜግነት ማስረጃው በእጃችሁ መኖሩን አረጋግጡ።

ማንን እንጠይቅ? ቅጽ የሚሞላ ወይም ሰነድ የሚተረጉም ሰው ጠበቃ አይደለም። የጠበቃውን ፈቃድ ከክፍለ ግዛቱ የጠበቆች ማኅበር ወይም ፍርድ ቤት አጣሩ፤ የክፍያ ስምምነታችሁንም በጽሑፍ አድርጉ። አቅም ለሌላቸው የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ እውቅና የሰጣቸው በጎ አድራጎት ድርጅቶች በአነስተኛ ዋጋ ይረዳሉ። መጋቢያችሁ ስለ ቤተሰባችሁ ሊመሰክር ይችላል፤ የሕግ ምክር ግን ከባለሙያ ይፈለግ።